ዝግ ላለ ሰው ደኑ ይገለጣል

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ከለገዳዲ እስከ ሱሉልታ፣ ከቡራዩ እስከ ሰበታ ሜዳውና ጋራው አደይ አበባ ይለብሳል። ብዙዎቻችን ይህን ውበት በታክሲ መስኮት አይተን እናልፈዋለን። በዚህ መጸው ግን ከመኪናው ውረዱ! ጫማችሁን አጥብቁና ወደ መናገሻ ሱባ ደን ውጡ።

ሱባ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የተዘረጋ ጥንታዊ ደን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። ከታች ጥድ፣ ወይራና ዝግባ፣ ከፍ ስትሉ ኮሶ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ወደሆነው ጫፍ ስትቃረቡ ደግሞ አስታ ይቀበላችኋል። የምኒልክ ድኩላ፣ ጉሬዛ፣ ነብርና ጅብ ቤታቸው እዚህ ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው ምንም ሳያይ የሚመለሰው ለምንድን ነው? ስለሚቸኩል! ሙዚቃ ከፍቶ፣ እየተጯጯኸ ይወጣል፤ ድኩላው ግን ቀድሞ ሰምቶት ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ፦

አንደኛ፣ በማለዳ ጀምሩ። ጥቂት ተራመዱ፣ ቁሙ፣ አዳምጡ። ከቁጥቋጦው የውሻ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ከሰማችሁ የደነገጠ ድኩላ ሊሆን ይችላልና ራቅ በሉለት።

ሁለተኛ፣ ለጉሬዛ ዳቦም ብስኩትም አትስጡ። ጨጓራው ቅጠል ለማብላላት የተሠራ ነው፤ የእኛ ምግብ ይጎዳዋል።

ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ስለ መንገዱ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የአካባቢውን መንገድ መሪ ያዙ፣ ሳይመሽ ውረዱ። ነብርና ጅብ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት በሌሊት ነው። ፌስታልና ፕላስቲካችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ።

ዳገት የሚከብዳችሁ ደግሞ ወደ ገፈርሳ ግድብ ወይም ወደ ሱሉልታ ሜዳ ሂዱ። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እዚያ ልታዩት ትችላላችሁ። ከእናንተ የሚፈለገው ርቀት መጠበቅና ትዕግሥት ነው።

ይህ ትዕግሥት ደን ውስጥ አይቀርም። ቆሞ ማዳመጥን የለመደ ሰው ልጁ ሲያወራው ያዳምጣል፤ ባልደረባው ሲከፋው ያስተውላል፤ ከመወሰኑ በፊት ያስባል። ማስተዋል በልምምድ የሚዳብር ችሎታ ነው፤ የልምምዱም ሜዳ ከደጃችን አለ።

እንግዲህ ለከርሞ አትበሉ! በመጪው ቅዳሜ ማለዳ ተነሡ፤ አንድ ልጅ ወይም አንድ ወዳጅ አስከትሉ፤ ስልካችሁን ዝም አሰኙና ተራመዱ።