ሽጉጥ ልትታጠቅ ላሰብክ ልጄ

ልጄ፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ወጣቶች ሽማግሌ ካገኙ የሚጠይቁት አንድ ነገር ሆኗል፤ «የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?» ማካሮቭ ነው ስታር? ወገብ ላይ ይሻጥ ወይስ በብብት? አጉርሶ መያዝ ነው ወይስ ሳያጎርሱ? ጥያቄው ከፍርሃት እንደመጣ አውቃለሁ። በርበሬውን ሸጦ የሚመለስ ሰው ይዘረፋል፤ ተሳፋሪ ከመኪና ወርዶ ይታገታል። ስለዚህ ለምን ጠየቅኸኝ ብዬ አልቆጣህም። የማውቀውን በተራ እነግርሃለሁ፤ ሰምተህ አንተው ወስን።

1. በትከሻ የሚያዘውንና በልብስ ሥር የሚደበቀውን ለይ።

ጎጃም ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በአምስቱ ዓመት ከጣሊያን ጋር በጠብመንጃ ተዋግተዋል፤ ጠላት በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ እስኪወጣ ድረስም አላስቀመጡትም። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርን አልቀበልም ብሎ ሲነሣም ጠብመንጃው ትከሻው ላይ ነበር። ትከሻ ላይ ያለ ጠብመንጃን ግን ሁሉም ያየዋል። የምትገባበት ቤት ባለቤት «አስቀምጠህ ግባ» ይልሃል፤ ጎረቤት ስትቆጣ አይቶ ይይዝሃል፤ ባላጋራህም አውቆ ሽማግሌ ይልካል። ሽጉጥ ግን ከጋቢው ሥር ነው። መያዝህን የሚያውቅ ስለሌለ ስትቆጣ የሚይዝህ፣ ስትጠጣ ከእጅህ የሚቀበልህ የለም። የሚገታህ አንተው ራስህ ብቻ ነህ። ቀጥሎ የምነግርህ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

2. ከሽጉጡ በፊት ወረቀቱን ያዝ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ ማዘዋወርም ያስቀጣል። «በአገሩ ሁሉም ይዟል» የሚለው ቃል ፍርድ ቤት አያድንህም። በሱዳን ድንበር፣ በመተማ በኩል ተደብቆ የሚገባውን ሽጉጥ ከደላላ በጨለማ የገዛህ እንደሆነ ደግሞ ያለፈ ታሪኩን አታውቅም። ሰው የተገደለበት ሊሆን ይችላል፤ ከእጅህ ሲገኝ ግን ተጠያቂው አንተ ነህ። ፈቃድ የማታገኝ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፤ አትግዛ።

3. ስትመርጥ ከስሙ ይልቅ ሴፍቲውንና ጥይቱን ተመልከት።

ማካሮቭ አጭር ነው፤ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፤ ከጎኑ ሴፍቲ አለው። በልብስ ሥር የሚይዙ ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ቶካሬቭ ቀጭን ነው፤ ጥይቱም ይበረታል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሲሠራ የእጅ ሴፍቲ አልተደረገለትም፤ ስለዚህ አጉርሶ ለሚሸከመው ሰው አደገኛ ነው። ብሮኒንግ 13 ጥይት ይይዛል፤ ሆኖም ትልቅና ከባድ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ይቆረቁራል፤ የሚቆረቁርህን ሽጉጥ ደግሞ ከመኪና ወንበርም ከሱቅ መሳቢያም ውስጥ ጥለኸው ትነሣለህ። የማካሮቭና የብሮኒንግ ጥይት ሁለቱም 9 ሚሊሜትር ይባላሉ፤ ግን ርዝመታቸውም ውፍረታቸውም ይለያያል፤ አንዱ በሌላው አይተኮስም። ሻጭ «ያው ነው» ቢልህ አትመነው። ከሁሉ በላይ ኢኮል ከሚባለው የቱርክ ሥራ ተጠንቀቅ። ፋብሪካው የሠራው ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ነው፤ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ በየጓዳው የሚሰረሰረው ሽጉጥ አፈሙዙ ግፊቱን ስለማይችል በያዘው ሰው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

4. ያለ ማኅደር አትሻጠው።

ብዙ ወጣት ሽጉጡን እንዲሁ በሱሪው መታጠቂያ ሻጥ አድርጎ ይሄዳል። ሲቀመጥ፣ ሲሮጥ፣ ከባጃጅ ሲወርድ ቃታው በልብስ ይያዝና ይባርቃል፤ ጥይቱም የራሱን ጭን ወይም ሆዱን ያገኛል። ማኅደሩ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጎንበስ ስትል ሽጉጡን የማይለቅ ጠንካራ ቆዳ ይሁን። በየጊዜው ያልተለማመደ ሰው አጉርሶ እንዲይዝ አልመክርም። ስትፈታ ደግሞ ካዝናውን ስላወጣህ ባዶ ሆነ አትበል፤ አንድ ጥይት ጎርሶ ሊቀር ይችላል። ካዝናውን አውጣ፣ አቀባብለህ የጎረሰውን አስተፋ፣ ውስጡን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። «ባዶ ነው» በተባለ መሣሪያ ወንድሙን የገደለ፣ ልጁን ያቆሰለ ሰው በየአገሩ አለ። ይህን ስታደርግ አፈሙዙ ወደ ሰው፣ ወደ በርም ሆነ ወደ ጭቃ ግድግዳ አይዙር፤ የጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም።

5. ቤትህ ውስጥ ቁልፍ ይኑረው።

ትራስ ሥር ያለ ሽጉጥ ሌባ ከመምጣቱ በፊት ልጅ ያገኘዋል። ልጅ ደግሞ አባቱ ሲያደርግ ያየውን ያደርጋል። ሽጉጡን በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱን በሌላ ቦታ አስቀምጥ፤ ቁልፉ ከአንተ አይለይ። አንድ ሌላ ነገርም ልንገርህ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ስለማይናገረው። በቤትህ ውስጥ ሐዘን የከበደው፣ ዕዳ ያስጨነቀው፣ ዝም ያለና ከሰው የራቀ ሰው ካለ፣ አንተም ብትሆን፣ ሽጉጡን ለጊዜው ከቤት አውጣና ሕጋዊ ወደሆነ ቦታ አስረክብ። ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ሽጉጥ አጠገቡ ያገኘው ሰው ግን እስኪያልፍ አይጠብቅም።

6. መጠጥና ሽጉጥ አንድ ቀን አይዋሉ።

ጠላ ቤት፣ አረቄ ቤት፣ ሰርግ ቤት ስትሄድ ሽጉጡ ቤት ይቅር። «አንድ ብርጭቆ ብቻ» የሚለውን ሰበብ አልቀበልህም። ሰርግ ላይ በደስታ የሚተኮሰው ጥይትም ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ተመልሶ ይወርዳል፣ የሚወርደውም ሰው ላይ ሊሆን ይችላል። ፉከራው ያለ ተኩስ ያምራል፤ ሙሽራዋ አልቅሳ የምትሄድበትን ቀን በደም አታጥለቅልቅባት። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና የሽምግልና ዛፍ ሥርም እንዲሁ አታግባው።

7. ራስን መከላከል በሕግ ልክ አለው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስህን ወይም ሌላውን ከሕገ ወጥ ጥቃት እንድትከላከል ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ እየደረሰብህ ያለ ወይም ሊደርስብህ የቀረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ልታመልጠው የማትችል መሆን አለበት፤ መከላከያህም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ትናንት ሰድቦሃል ብለህ ዛሬ ብትተኩስ መከላከል አይደለም። በዱላ የመጣብህን ልትሸሸው ስትችል ብትገድለው ልኩን አልፈሃል። ዘርፎህ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሸሸውን ብትመታ ሕጉ በዳይ የሚያደርገው አንተን ነው። ልክ ላለፈ አንቀጽ 79 እንደ ሁኔታው ቅጣት ያቀላል፤ ተራ የሆነ የሰው ግድያ ግን በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። ሽጉጥህን ከመሻጥህ በፊት እነዚህን አንቀጾች አንብብ፤ ማንበብ የማይችል ዘመድ ካለህም አንብብለት።

8. ሽጉጡ የሚመዘዘው በማን ላይ እንደሆነ አስተውል።

ሁላችሁም ስትገዙ የምታስቡት ወንበዴን ነው። በሽምግልና ተቀምጠን የምንሰማው ደም ግን ባብዛኛው የማይታወቅ ወንበዴ ያመጣው አይደለም። የእርሻ ወሰን ያለፈበት ጎረቤት ነው፤ የመስኖ ውሃ የጠለፈበት ዘመድ ነው፤ በውርስ የተካሰሰ ወንድም ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ደቂቃ ያልታገሠ ሰውም ዘመዱን ይገድላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። ገዳይ ይሸሻል፤ ወንድሞቹ ማረስ፣ ገበያ መውጣት ይፈራሉ፤ የሟች ልጅ ደም መላሽ ተብሎ ያድጋል። ሽማግሌና ካህን መስቀል ይዘው ደሙን እስኪያደርቁ የሁለት ቤት ሀብት በካሳና በስደት ያልቃል። ከሰው ጋር ወሰን ከተካሰስህ ጉዳዩ እስኪያልቅ ሽጉጥ አትያዝ፤ በሽማግሌና በዳኛ ጨርሰው።

9. በዛሬው መንገድ ላይ ሽጉጥ ምን እንደሚያመጣ አስብ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አገራችን በጦርነት ውስጥ ናት። ከደምበጫ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚደርሰው መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፤ ፈታሹም ሁልጊዜ አንድ ወገን አይደለም። ወገብህ ላይ የተገኘ ሽጉጥ ለአንዱ ጠላት፣ ለሌላው ሰላይ ያደርግሃል፤ ነጋዴ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ ብለህ ለማስረዳት ጊዜ ላይሰጥህ ይችላል። ክላሽ የያዙ ሰዎች መኪናውን ካስቆሙ ደግሞ አንድ ሽጉጥ ከኋላህ ላሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ ሞት ይጠራል እንጂ አያስጥልም። ይልቅ በቀን ተጓዝ፣ ብቻህን አትሂድ፣ ጥሬ ገንዘብ ከመያዝ በባንክና በስልክ ላክ፣ የምትሄድበትን ለቤተሰብ ንገር። ይህ ከሽጉጥ ይልቅ ብዙ ሰው ያድናል።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው ነው። ፈቃድ የሌለህ፣ የምትጠጣ፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ክስ ያለብህ ወይም ቁልፍ ያለው ሣጥን የሌለህ ከሆንህ ማካሮቭም ስታርም አይሻልህም፤ ሽጉጥ አለመያዝ ይሻልሃል። ይህን ሁሉ አሟልተህ ከያዝክም ሳትመዝዘው እንድታረጅ ፈጣሪን ለምን፤ እኔም እንደዚያው እለምንልሃለሁ። ይህን ምክር ካነበብህ በኋላ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሽጦ ለሚዞር ጓደኛህ ዛሬውኑ ንገረው።