ያለ ወርሃዊ ክፍያ ስፖርት ማየት፦ በሲ.ኤም.ሲ ጣሪያ ላይ ዲሽን ወደ ኢትዮሳት ማዞር

በታላቁ ሩጫ ዕለት ማለዳ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ልጃቸው የሩጫውን ቲሸርት ለብሳ ገና ሳይነጋ ወጥታለች፤ እሳቸው ደግሞ ከሕዝቡ መሃል ባያገኟትም ውድድሩን ተቀምጠው ሊያዩ ቴሌቪዥናቸውን ከፍተዋል። «ሲግናል የለም» ከሚል ጽሑፍ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ከሳምንት በፊት ያስመጡት ዲሽ ሠሪ «ይሄ ዲሽ አርጅቷል፤ የሚከፈልበትን ያስገቡ» ብሏቸው ሄዷል። ጣሪያው ላይ ወጥተን ስናየው ዲሹ አንድም ነገር አልሆነም። ፊቱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ነው ያለው። ወደ ምሥራቅ አዙረን አሰርነው፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ የመስቀል አደባባይ ሕዝብ ሳሎናቸው ገባ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእሳቸውና እሳቸውን ለመሰሉ ሁሉ ነው። በትክክል የታሰረ ዲሽ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ለዓመታት ያገለግላል፤ ማሰሩም ማንም ጥንቁቅ ሰው የሚማረው ሥራ ነው።

ዲሾቹ ለምን ወደ ምዕራብ ዞሩ?

የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ለብዙ ዓመታት ይተላለፉ የነበረው ናይልሳት ካለበት ከ7 ዲግሪ ምዕራብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ.ኢ.ኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ኢትዮሳትን ሲጀምር ጣቢያዎቹ ወደ ኤን.ኤስ.ኤስ 12 ሳተላይት፣ ማለትም ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ተዛወሩ። በሲ.ኤም.ሲ፣ በመሪና በአያት ጣሪያዎች ላይ ዛሬም ወደ ምዕራብ ያፈጠጡ ብዙ ዲሾች አሉ። ስለዚህ የጎረቤትን ዲሽ አይቶ መቅዳት የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ምን ያያሉ፣ ምን አያዩም?

ከመድከምዎ በፊት ይህን ይወቁ። በኢትዮሳት የሚገቡት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በነፃ ይታያሉ፤ በእነሱ ላይ ታላቁ ሩጫን፣ የስፖርት ዜናና ትንታኔን፣ ጣቢያዎቹ መብቱን ሲያገኙ ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታዎችና የአትሌቲክስ ውድድሮችን ያገኛሉ። የአውሮፓ ሊጎች ግን መብታቸው በአብዛኛው በሚከፈልባቸው ጣቢያዎች እጅ ነው። የራሳችን ፕሪሚየር ሊግ እንኳ ከ2013 የውድድር ዓመት ጀምሮ ለ5 ዓመት ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ውል ለሱፐርስፖርት ተሸጦ ነበር። እነዚህን ጨዋታዎች ለሚወድ ሰው መፍትሔው በየሰፈሩ ያለው የዲ.ኤስ.ቲ.ቪ ቤት ነው፤ ለአንድ ጨዋታ የመግቢያ ከፍሎ ማየት ለዓመት ከመመዝገብ ለብዙ ሰው ይረክሳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ። ባለ 60ውም ይሠራል፤ ክረምት ላይ ግን ልዩነቱን ያዩታል።
• ኬ.ዩ ባንድ ኤል.ኤን.ቢ (ዲሹ ፊት ላይ የሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ)፣ 9750/10600 የሚል የተጻፈበት።
• ነፃ ጣቢያዎችን የሚያስገባ ሪሲቨር።
• መሃሉ መዳብ የሆነ ኬብልና ሁለት ኮኔክተር።
• የብረት ቱቦ፣ ብሎን ከነዳዶው፣ ፊሸር፣ የብሎን ቁልፍ፣ ናስትሮ፣ ቱንቢ።
• ኮምፓስ ያለው ስልክ፣ እንዲሁም ታች ሆኖ ቴሌቪዥኑን የሚያይ አንድ ሰው።

ሁሉንም መገናኛ ወይም መርካቶ ያገኙታል። «ሰርቨር» እየተባለ የሚሸጠውን፣ የተቆለፉ ጣቢያዎችን በኢንተርኔት ሰርቆ የሚከፍተውን አገልግሎት አይግዙ። የሚከፍታቸው ጣቢያዎች የሰው ንብረት ናቸው፤ ደግሞም ጨዋታው ሲጀመር የሚቋረጥ ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታ ይምረጡ

ከሲ.ኤም.ሲ ሲታይ ሳተላይቱ ያለው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሲቆጠር በ115 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ነው። የእንጦጦ ሰንሰለት በሰሜን ስለሆነ ከጀርባዎ ይቀራል፤ አይከልልም። ከፍታው ደግሞ 66 ዲግሪ ያህል ነው፤ ሽቅብ ነው የሚያየው። ከዲሹ 2 ሜትር ርቆ የቆመ ግድግዳ ከዲሹ በላይ 4 ሜትር ቢረዝም እንኳ ሲግናሉን አይነካም። በፎቅ የተከበቡ ነዋሪዎች ተስፋ የማይቆርጡት ለዚህ ነው። የሚያሰጋው በአናት ላይ የተዘረጋ የዛፍ ቅርንጫፍና የበረንዳ ክዳን ነው።

በጋራ ሕንፃ የሚኖሩ ከሆነ የነዋሪዎችን ኮሚቴ አስቀድመው ያስፈቅዱ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት ይራቁ፤ በዝናብና በነፋስ ቆርቆሮ ላይ አይውጡ።

ደረጃ 2፦ ቱቦውን ቀጥ አድርገው ያቁሙ

ብዙ ሰው የሚንቀው ደረጃ ይህ ነው። ቱቦው በትንሹም ቢሆን ከዘመመ ዲሹን ወደ ጎን ባዞሩት ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይዛባል፤ ፍለጋው ማለቂያ ያጣል። ቱንቢውን በሁለት አቅጣጫ አውርደው ይለኩ፤ ቀጥ ሲል ብቻ ዳዶውን ያጥብቁና ዲሹን ከነኤል.ኤን.ቢው ይስቀሉበት።

ደረጃ 3፦ ሪሲቨሩን ያዘጋጁ

ኬብሉን ከመሰካትዎ በፊት ሪሲቨሩን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ። ከሰኩት በኋላ ኤሌክትሪኩን መልሰው በሜኑው ላይ 57 ምሥራቅን ይምረጡ፤ ከሌለ አዲስ ሳተላይት ብለው ይጨምሩ። ኤል.ኤን.ቢውን «ዩኒቨርሳል» ያድርጉት። ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 ያስገቡ። ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ ሲቀይሩ በስክሪናቸው ግርጌ ያስነብባሉ፤ ያነበቡትን ወረቀት ላይ ጽፈው ሪሲቨሩ ላይ ይለጥፉት።

አሁን ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፦ «ስትሬንግዝ» እና «ኳሊቲ»። የመጀመሪያው ኬብሉና ኤል.ኤን.ቢው መገናኘታቸውን ብቻ ነው የሚነግርዎት። እርስዎ የሚፈልጉት ኳሊቲን ነው።

ደረጃ 4፦ አቅጣጫውን ያግኙ

የስልክ ኮምፓስ ብረት አጠገብ ይዋሻል። ከቱቦውና ከቆርቆሮው ራቅ ብለው 115 ዲግሪን ይለኩ፤ በዚያ አቅጣጫ ሩቅ ያለ ምልክት፣ ፎቅም ይሁን ምሰሶ፣ ይያዙና ዲሹን ወደ እሱ ያዙሩት።

ከኮምፓስ የበለጠ ታማኝ መሪም አለ፤ ፀሐይ ናት። በደመራና በመስቀል፣ ማለትም መስከረም 16 እና 17፣ እንዲሁም በመጋቢት 7 አካባቢ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከሲ.ኤም.ሲ ስትታይ ልክ ሳተላይቱ ባለበት ቦታ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ቀጥ ያለ እንጨት ያቁሙና ጥላው የተኛበትን በኖራ ያስምሩ፤ የዲሹ አቅጣጫ የጥላው ተቃራኒ ነው። ፀሐይዋን በዓይንዎ አይመልከቱ። በእነዚያው ቀናት በዚያ ሰዓት ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆራረጥም አይደንግጡ፤ ፀሐይዋ ከሳተላይቱ ኋላ ስለምትሆን ነው፤ ዲሹን ሳይነኩ ይመለሳል።

ከፍታውን ሲያስተካክሉ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ ሞላላው ዲሽ ከሚያይበት ቦታ በ25 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ፊቱ ሲታይ 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቀና ያለ ከመሰለ ትክክል ነው። በማሰሪያው ላይ የተቀረጸ ቁጥር ካለ 66 ላይ ያድርጉት።

ደረጃ 5፦ ቀስ ብለው ይፈልጉ

ታች ያለው ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ የኳሊቲውን ቁጥር ብቻ ያንብብልዎት፤ «መጣ፣ ሄደ» አይበቃም። ከላይ ያለው ሰው ዲሹን በጣት ውፍረት ያህል ወደ ጎን ገፍቶ ሦስት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ሪሲቨሩ ሲግናሉን ለመለየት ጊዜ ይወስዳልና። በጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ያለፍነው ስለተቻኮልን ነበር፤ በሦስተኛው ታች የነበረችው የልጅ ልጃቸው «12… 31… 54…» እያለች ስትቆጥር እጄን አቆምኩ። ካላገኙ ከፍታውን በጥቂቱ ለውጠው ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እንደገና ይጥረጉ።

ሥዕል ሲመጣ ሥራው አላለቀም። ኤል.ኤን.ቢውን በመያዣው ውስጥ ቀስ እያሉ ያሽከርክሩት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ሳተላይቱም ወደ ጎን ነው ያለው፤ ስለዚህ ኤል.ኤን.ቢው ቀጥ ብሎ ሳይሆን በብዙ ዘንበል ብሎ ነው የሚሠራው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ወደ ከፍተኛው ይመልሱትና ያጥብቁ፤ ቁጥሩንም ይጻፉት።

ይህን የምጠነቅቅበት ምክንያት ክረምት ነው። በኬ.ዩ ባንድ የሚመጣ ሲግናል በከባድ ዝናብ ይደክማል። ትልልቆቹ የአትሌቲክስ ውድድሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚውሉት በዚያው ወራት ነው፤ ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ያሸነፈው ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። በጠራ ሰማይ ሥዕል ለማምጣት ብቻ የበቃ ዲሽ በነሐሴ ዶፍ ይከዳዎታል።

ደረጃ 6፦ ያጥብቁ፣ ያሽጉ

ዳዶዎቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጥብቁ፤ አንዱን ብቻ ቢያጠብቁ ዲሹን ይስበዋል። ኮኔክተሩን በናስትሮ ይጠቅልሉ። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ እንዲወጣ ያድርጉ፤ የዝናብ ውኃ ከቀለሱ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ ሪሲቨሩ ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 7፦ ጣቢያዎቹን ያስገቡ

«ብላይንድ ስካን» ወይም «አውቶ ስካን» ይበሉ። ሲጨርስ ስፖርት የሚያስተላልፉትን ወደ ዝርዝሩ መጀመሪያ ያምጡ። ሆሪዞንታል የሆኑት ጣቢያዎች ብቻ ጠፍተው ቨርቲካሎቹ ከገቡ ዲሹን አይነካኩ፤ ሪሲቨሩ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት፣ ለቨርቲካል 13 ቮልት ይልካል፤ ረጅም ወይም ርካሽ ኬብል 18ቱን እየበላው ነው። ኬብሉን ይቀይሩ።

ናይልሳትንም ከፈለጉ ሁለተኛ ዲሽ ያስፈልግዎታል፤ ከእኛ ሲታይ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ አንድ ዲሽ ለሁለቱም አይበቃም። ሁለቱን ዲሾች ዳይሴክ በተባለው ማቀያየሪያ አንድ ሪሲቨር ላይ ያገናኟቸዋል።

ዲሽ ማሰር ለማይችሉ

ተከራይ ከሆኑና አከራይዎ ካልፈቀዱ ስልክዎ አለ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንና የዓለም አትሌቲክስ አንዳንድ ውድድሮችን በይፋዊ የዩቲዩብ ገጾቻቸው በቀጥታ ያሳያሉ፤ ለየትኛው አገር ክፍት እንደሆነ ገጹ ላይ አስቀድመው ይመልከቱ። በ480 ጥራት በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይበላል፤ ጥቅልዎን በዚያ ልክ ይግዙ። ዳታው ከከበደ ሬዲዮ አለ፤ ብስራት በ101.1፣ ፋና በ98.1፣ ሸገር በ102.1 በሲ.ኤም.ሲ ይሰማሉ።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን

ማታ ላይ ጣቢያውን ከፍተው የኳሊቲውን ቁጥር ያንብቡ፤ መጀመሪያ ሲያስሩ ከጻፉት ከወረደ ጠዋት ሳይሆን ያኔውኑ ያስተካክሉ። መብረቅ ካለ ኬብሉንም ኤሌክትሪኩንም ይንቀሉ። የሚጀመርበትን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያረጋግጡ፤ በእንግሊዝ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በበጋቸው ለእኛ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 12 ሰዓት ነው።

በዚሁ በሲ.ኤም.ሲ አስፋልት ጎህ ሳይቀድ ለልምምድ ወደ ሰንዳፋ የሚጓዙ አትሌቶች ያልፋሉ። እነሱ ሲሮጡ ማየት የከፋይ ብቻ ዕድል መሆን የለበትም። ስለዚህ የራስዎን ዲሽ ካሰሩ በኋላ ቁልፉንና ቱንቢውን አያስቀምጡ፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ዲሽ ያለውን የቅርብ ጎረቤትዎን በር ያንኳኩ።