የሚፈላ ድስትና የመብራት ሂሳብ

በቤታችን የኤሌክትሪክ ምድጃ ከአምፖል እጅግ የበለጠ ኃይል ይወስዳል። ይህን ወጪ ያለ አዲስ መሣሪያ እንዴት መቀነስ እንደሚቻል በአጭር ስሌት እንመልከት።

የአንድ ኪሎ ግራም ውኃን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሳደግ 4.2 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ዝቅተኛ ነው፤ በመሆኑም ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 4.2 × 72፣ ማለትም 302 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። ያንኑ ውኃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ተጨማሪ 2,280 ኪሎ ጁል ገደማ ይጠይቃል። ከድስቱ የሚተነው 200 ግራም ውኃ ብቻ 456 ኪሎ ጁል ይዞ ይሄዳል፤ ይህም ሊትሩን በሙሉ ለማፍላት ከወጣው ይበልጣል።

ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ ምድጃውን ማበርታት እንፋሎቱን ያበዛል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም፤ ምስሩም ፈጥኖ አይበስልም። ስለዚህ፦

1. ድስቱን እንክደን፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ነክቶ ወደ ውኃነት ይመለሳል።
2. ሲፈላ ምድጃውን እንቀንስ።
3. ሽምብራና ባቄላን ሌሊቱን እንዘፍዝፍ፤ የመብሰያው ጊዜ ያጥራል።
4. ለሻይ የሚበቃንን ውኃ ብቻ እናፍላ።

ከሰል ለሚጠቀም ቤተሰብም ሕጉ አንድ ነው።

መልመጃ፦ ድስታችሁን ከመጣዳችሁ በፊትና ካወረዳችሁ በኋላ መዝኑ። 1 ኪሎ ዋት ሰዓት 3,600 ኪሎ ጁል ነው፤ በእንፋሎት የወጣው ስንት ነው?