በአፈር ናሙና ውስጥ የሚታዩትን ረቂቅ ትሎች ስለ መለየት

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለአትክልት አምራች የኅብረት ሥራ ማኅበራት

አንድ ማኅበር የቲማቲም ማሳው ቢጠወልግበት አፈሩን በውኃ በጥብጦ በአካባቢው ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አስመረመረ። በአንዲት ጠብታ ውስጥ ብዙ ትሎች ሲርመሰመሱ ታዩ። ኮሚቴውም የኔማቶድ መድኃኒት እንዲገዛ ወሰነ፤ ደግነቱ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ናሙናው ለእኛ ደረሰ። ስንመረምራቸው ትሎቹ ባክቴሪያ የሚመገቡ፣ ተክል የማይነኩ ሆነው ተገኙ። ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚደርሰን ይህን አዘጋጅተናል።

ኔማቶድ የማይገኝበት የእርሻ አፈር የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ትል መታየቱ ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ናሙናውን ከታመሙት ተክሎች ሥር፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ ቦታዎች ይውሰዱ፤ ቀላቅለውም ግማሽ ኪሎ ያህሉን ከሥሮቹ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ያስቀምጡ። ከጤነኛው የማሳ ክፍልም ሌላ ናሙና ለብቻው ይያዝ። ፀሐይ እንዳያገኘው ይጠንቀቁ።

ትሎቹን ለመለየት በሰሐን ላይ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ሶፍት ያንጥፉና የደቀቀውን አፈር በስሱ ይዘርጉበት። ውኃውን በሰሐኑ ጠርዝ በኩል፣ አፈሩን ከሥር እስኪያርሰው ድረስ ብቻ ይጨምሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ትሎቹ ራሳቸው በሶፍቱ አልፈው ወደ ሰሐኑ ይወርዳሉ። የሞቱት ግን አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ናሙና ሰሐኑን ባዶ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ እንቅስቃሴያቸውን ትተው አፋቸውን ይዩ። ተክል የሚመገበው ኔማቶድ ሥር የሚወጋበት መርፌ በአፉ ውስጥ አለው፤ በመርፌው ግርጌም ብዙውን ጊዜ ሦስት ትናንሽ እብጠቶች ይታያሉ። ባክቴሪያ ተመጋቢው መርፌ የለውም፤ አፉ ክፍት ቱቦ ይመስላል። ይሁን እንጂ መርፌ ያለው ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ሻጋታ ከሚመገቡትና ሌሎች ትሎችን ከሚያድኑትም መርፌ ያላቸው አሉ። እዚህ ላይ ባለሙያም ሊሳሳት ስለሚችል ሥሩን ማየት የግድ ነው።

ሥር አሳባጩ ኔማቶድ ወደ ሥር የሚገባው ገና ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል እያለ ነው። እንስቷ ሥሩ ውስጥ አብጣ እንኮይ መሰል ነጭ ትሆናለች፤ በመቶ የሚቆጠር እንቁላልም ትጥላለች። የቲማቲም ሥር እባጭ ካለው በእርሷ መጠርጠር ይገባል። ባቄላና ቦሎቄ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁት እንክብሎችም እባጭ ይመስላሉና። እንክብሉ በሥሩ ጎን የተለጠፈ ስለሆነ በጥፍር ሲነካ ይላቀቃል፣ ውስጡም ሥራ ላይ ሲሆን ቀላ ያለ ነው። የኔማቶዱ እባጭ ግን ሥሩ ራሱ ያበጠ በመሆኑ ሥሩ ካልተበጠሰ አይነሣም። ይህን ሳይለዩ ጠቃሚውን እንክብል እንደ በሽታ የነቀሉ አጋጥመውናል።

ማይክሮስኮፕ የሌለው ማኅበር በሁለት ጣሳ መሞከር ይችላል። በአንዱ የተጠረጠረውን አፈር፣ በሌላው ያንኑ አፈር በደንብ ቀቅሎና አቀዝቅዞ፣ ለበሽታው የማይቋቋም የቲማቲም ችግኝ ይትከል። ከ6 ሳምንት በኋላ ሥሮቹ ታጥበው ይነጻጸሩ። እባጭ ባልተቀቀለው ብቻ ከታየ ከዚያ መደብ ችግኝ ለአባላት አይከፋፈል፤ መደቡም በሞቃቱ ወራት ረጥቦ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሸፈን።

የዚያ ማኅበር ቲማቲም ሥሩ እባጭ አልነበረውም፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ነበር የጠወለገው። ግንዱን ከሥሩ በላይ ቆርጠን በጠራ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ብናንጠለጥለው በጥቂት ደቂቃ ወተት የመሰለ ክር ከቁርጡ ወረደ። ክሩ የአጠውላጊው ባክቴሪያ ክምችት ነው፤ ሊገዛ የነበረው መድኃኒትም አይነካውም። ይህ ምልክት የታየበት ማሳ ቲማቲም፣ ድንች፣ በርበሬና ደበርጃን አይተከልበት፤ የተነቀለውም ተክል በመስኖ ቦይ አጠገብ አይጣል።