ዲኤንኤ የሚያነብ ማሽን ለምትሠሪው ልጄ

ልጄ፣ የሜካኒካል ምህንድስናሽን ይዘሽ የዘረመል ማንበቢያ መሣሪያ የሚሠራ ጀማሪ ኩባንያ መግባትሽን ሰማሁ። ባዮሎጂ አላውቅም ብለሽ አትስጊ፤ ትግልሽ ከሙቀት፣ ከአረፋና ከጨው ጋር ነው።

1. ከሁሉ በፊት ሙቀትን ተጠንቀቂ። 100 ሚሊሜትር አሉሚኒየም በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ሲሞቅ 2.3 ማይክሮን ገደማ ይረዝማል። ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ የሚገጠም አጉልቶ የሚያሳይ ሌንስ ጥርት አድርጎ የሚያየው ጥልቀት ብዙ ጊዜ ከ1 ማይክሮን እምብዛም አይዘልም። ኬሚስቶቹ ደግሞ ፍሎው ሴሉን (ዲኤንኤው የሚቀመጥበትንና ፈሳሹ የሚያልፍበትን ክፍል) በየዙሩ ያሞቁታል፣ ያቀዘቅዙታል። ስለዚህ የማሞቂያው ሙቀት በብረት ተሻግሮ ሌንሱ ጋ እንዳይደርስ መንገዱን ቁረጪበት። የፍሎው ሴሉን መያዣ በአራት ብሎን ጠፍረሽ አታስጨንቂው፤ በሦስት ኳስ በሦስት ቦይ ላይ አሳርፊው። ሲሞቅ ሳይጣመም ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ቦታው ይመለሳል። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው ዘዴ ነው፤ እኔ የተሻለ አላየሁም።

2. ፈሳሽ ሲሞቅ የሟሟበት አየር ይወጣል። አረፋ ባረፈበት ቦታ ኬሚካሉ አይደርስም፤ ስክሪኑ ላይ ግን የኢንዛይም ጥፋት መስሎ ይታያል። ፈሳሹን ከታች አስገብተሽ ከላይ አስወጪው፤ በቱቦ መጋጠሚያ ላይ ስርቻ አትተዪ። ስብሰባ ላይ ስለ ኢንዛይሙ ክርክሩ ሲጦፍ ተነሺና ቱቦውን በባትሪ እዪው።

3. መፍሰስ አይቀርም። ጨዋማው ፈሳሽ ሲደርቅ ጨዉ ቫልቭ ይቧጭራል፣ ብረት ይበላል። ከሥሩ ትሪ አድርጊለት፤ ኤሌክትሮኒክሱን ከላይ ስቀዪው።

4. የሚንቀሳቀሰውን ቀንሺ። ሄሊኮስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማሽን ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 ከሰረ። ክብደቱ ብቻ ጣለው አልልም፣ ዋጋውም ገበያውም ነበረበት። በሌላ በኩል የኦክስፎርድ ናኖፖር ኩባንያ ማሽን ሚናየን ለማንበብ ሌንስም ሞተርም አያሻው፤ ዲኤንኤው በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ጅረቱን ለውጥ ይለካል። 100 ግራም ገደማ ብቻ ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ2015 በሻንጣ ተይዞ ጊኒ ገባ፣ የኢቦላን ቫይረስ እዚያው አነበበ። አንቺም ሞተር ከመጨመርሽ በፊት ሥራውን ያለሱ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።

5. የመጀመሪያውን ማሽን አንቺው እያባበልሽ ታስኬጂዋለሽ፤ ባለገንዘቦቹም አይተው ያጨበጭባሉ። ሁለተኛውን የሚገጥመው ግን ሌላ ሰው ነው። በሞረድ ያስተካከልሽውን፣ ከሥሩ ቆርቆሮ የሸጎጥሽበትን ሁሉ በዚያው ቀን ንድፉ ላይ አስገቢው።