ዊንዶውስን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ማዛወር፦ ፈቃዱ የማን ነው?



ባለፈው ሴሚስተር መብራት ሄዶ ሲመለስ ጀመዓችን ጽሑፍ የሚተይብበት ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ። አንድ የተመረቀ ወንድማችን ያገለገለ ኮምፒውተር ሰጠን፤ ጀዛሁላሁ ኸይረን። ዊንዶውስ ግን አልነበረበትም። የድሮው ኮምፒውተር ኬዝ ላይ ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ቁልፍ የያዘ ወረቀት ተለጥፎ ስለነበር ያንኑ ወደ አዲሱ ልናስገባ ተነሳን። ያኔ አንዲት እህታችን "ቁልፉ የእኛ ነው ወይስ የኮምፒውተሩ?" ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረንም። ከዚያ በፊት ግን ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ኮምፒውተር ስናስተካክል "ቁልፉን ቀድተህ ሌላው ላይ አስገባው" እያልን ስንመክር ኖረናል። ይህ ትምህርት ሳናጣራ የተናገርነውን ለማረም ጭምር የተጻፈ ነው።

የገዛነው ምንድን ነው?

መድረሳ ስንቀራ በይዕንና ኢጃራን ለይተን ተምረናል። በሽያጭ ዕቃው ራሱ የኛ ይሆናል፤ በኪራይ ግን ዕቃው የባለቤቱ እንደሆነ ይቆያል፣ የኛ የሚሆነው በውሉ ልክ መጠቀም ነው። የሶፍትዌር ፈቃድ የራሱ ዓይነት ውል ቢሆንም በዚህ ነጥብ ወደ ሁለተኛው ይቀርባል። ዊንዶውስ "ገዛን" ስንል የገዛነው በተወሰነ መንገድ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ስለዚህ "ይዛወራል ወይ?" ከማለታችን በፊት "ውሉ ምን ይላል?" ማለት አለብን። የዊንዶውስ ፈቃድ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው።

1. ኦኢኤም፦ ከፋብሪካ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለዚያ መሣሪያ ነው። ላፕቶፑን ብንሸጥ ወይም ብንሰጥ ፈቃዱ አብሮት ይሄዳል፤ ለብቻው ተነቅሎ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አይሄድም። ከ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተጽፎ ይመጣል።

2. ሪቴል፦ ለብቻው በዋጋ የሚገዛ ነው። ይህ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሊዛወር ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ከቀድሞው ኮምፒውተር መነሳቱ ነው፤ አንድ ፈቃድ በአንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሠራል።

3. ቮልዩም፦ ለመሥሪያ ቤቶችና ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ የጅምላ ፈቃድ ነው። ኬኤምኤስ በሚባለው አሠራር ኮምፒውተሩ ፈቃዱን ከድርጅቱ ሰርቨር ይወስዳል፤ ካልታደሰ በ180 ቀን ይቋረጣል። ከላብ ወስደን ዶርም ላፕቶፓችን ላይ የምንጭነው የኛ አይደለም፤ አማና ነው።

እንዴት እናውቃለን?

ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተን በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ዲ-ኤል-አይ ብለን እንጻፍ። በሚከፈተው ትንሽ መስኮት ላይ ከሦስቱ የአንዱን ስም እናገኛለን። ሆኖም ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። ለምሳሌ ከዊንዶውስ 7 በነጻ ወደ 10 ያደገ ኮምፒውተር "ሪቴል" ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ የነጻው ፈቃድ ግን ለዚያው መሣሪያ የተሰጠ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደተገዛም እንጠይቅ፣ ደረሰኙንም እንይ።

ሪቴል መሆኑ ከተረጋገጠ፦ መጀመሪያ ፋይሎቻችንን ሌላ ቦታ እንገልብጥ። ቀጥሎ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ትእዛዝ መጨረሻውን ዩ-ፒ-ኬ አድርገን ቁልፉን እናንሳ። ከዚያ በአዲሱ ላይ በሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ከፍተን ቁልፉን እናስገባ። የሆም ቁልፍ ፕሮን እንደማይከፍት አንርሳ።

ብዙዎቻችን የምንስተው አንድ ነገርም አለ። ላፕቶፓችን ከፋብሪካ ዊንዶውስ ይዞ መጥቶ ሳለ ፎርማት ሲደረግ ክራክ ይጫንበታል። ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን፣ ለምሳሌ ሆም ከነበረ ሆምን፣ ብንጭን ቁልፉን ከማዘርቦርዱ አንብቦ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይከፈታል። ሐላሉ በእጃችን እያለ ለሌላው ገንዘብ እንከፍላለን።

"ተቀብሎኛል" ማስረጃ ነውን?

አንዳንዶቻችን "ቁልፉ ካልተፈቀደ ኮምፒውተሩ ለምን ይቀበለዋል?" እንላለን። ማሽኑ መቀበሉ ግን ውሉ መፍቀዱን አያሳይም። በር ተከፍቶ ስላገኘነው ቤቱ የኛ አይሆንም። አላህ በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ ላይ ምእመናንን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ አዟል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውን ወስኗል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። በየግል ጉዳያችን ፈትዋ የሚሰጡት ዑለማኦች ናቸው፤ የኛ ድርሻ ጉዳዩን አጣርተን መጠየቅ ነው።

መግዣ የሌለው ተማሪስ?

አብዛኞቻችን የዚህ ፈቃድ ዋጋ ይከብደናል። መንገዱ ግን አልተዘጋም። ሊነክስ ከ1991 ጀምሮ እየተገነባ የመጣ ሲሆን ፈቃዱ ራሱ መቅዳትንና ማካፈልን ይፈቅዳል። ኡቡንቱን በፈለግነው ያህል ኮምፒውተር ላይ ብንጭን ውል አናፈርስም። አንዳንድ የምህንድስና ፕሮግራሞች በሊነክስ ላይ አይሠሩም፤ ለነሱ ላብ እንጠቀም። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለፕሮግራሚንግ ግን ይበቃል።

የጀመዓችን ኮምፒውተር ነገርስ? ወረቀቱ ላይ ያለው ቁልፍ ኦኢኤም ሆኖ ተገኘ፤ ከተቃጠለው ማዘርቦርድ ጋር አብሮ ቀረ። በአዲሱ ላይ ኡቡንቱና ሊብሬኦፊስ ጫንን። የአማርኛ መጻፊያውን ማስተካከል አንድ ከሰዓት ወሰደብን እንጂ ይህን ጽሑፍ የተየብነው በሱ ነው።

ከዚህ በፊት "ቀድተህ አስገባው" ብለን የመከርናችሁ ካላችሁ አውፍ በሉን፤ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑና አብረን እናጣራ። አላህ በምንማረው ዒልም የምንጠቀም ያድርገን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።