«ጠበቀ» ስለሚባለው ቃል አጭር ትምህርት



ሰው በየቀኑ የሚናገረውን ቃል እምብዛም አይመረምረውም። እንጀራውን ሳያስብ እንደሚቈርስ ቃሉንም ሳያስብ ያወጣዋል። ነገር ግን መልኩ አንድ ሲሆን ፍቺው ብዙ የሆነ ቃል አለ። ፍቺውን ለይቶ ያወቀ ሰው ሥራውንም ይለያል፤ ያልለየ ግን አንዱን ሠርቶ ሌላውን የሠራ ይመስለዋል። ከእንደዚህ ያሉት ቃላት አንዱ «ጠበቀ» የሚባለው ነው።

አንደኛ፤ ጠበቀ ማለት ከጥፋት ከለከለ ማለት ነው። እረኛ በጎቹን ከቀበሮ ይጠብቃል፤ ገበሬ ማሽላውን ከወፍ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፤ ጠበቀ ማለት እስኪመጣ ድረስ ቆየ ማለት ነው። መንገደኛ ባልንጀራውን በዛፍ ጥላ ሥር ይጠብቃል።

ሦስተኛ፤ የታዘዘውን ፈጸመ ማለት ነው። ሕግን ጠበቀ፥ ቀጠሮን ጠበቀ፥ ቃሉን ጠበቀ ይባላል።

አራተኛ፤ በሌላው ስም ያዘ ማለት ነው። አደራ ጠበቀ ሲባል ይህን ያመለክታል።

አምስተኛ፤ ላላ ለሚለው ተቃራኒ ይሆናል። ገመዱ ጠበቀ፥ ቋጠሮው ጠበቀ፥ ወዳጅነታቸው ጠበቀ እንላለን።

ከዚህም ቤት ጠባቂ፥ ጥበቃ፥ ጥብቅ፥ ተጠባባቂ የሚሉት ይወጣሉ፤ በፍርድ አደባባይ ስለ ሌላው የሚከራከረውም ጠበቃ ይባላል።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አይሸከሙትም። ግእዝ ለመጠበቅ «ዐቀበ»፥ ለመቆየት «ጸንሐ» ብሎ ይለያቸዋል። እንግሊዞች «ኪፕ» የሚሉት ቃላቸው በጎችን ለመጠበቅም፥ ቃልን ለመጠበቅም፥ የራስ አድርጎ ለማስቀረትም ያገለግላል፤ በመንገድ ላይ ባልንጀራን ለመጠበቅ ግን ሌላ ቃል አላቸው። የእኛ ቋንቋ መጠበቅንና መቆየትን ያለ ምክንያት በአንድ ቤት ያሳደራቸው አይመስለኝም። የሚጠብቅ ሰው ይቆያልና፤ ሳይቆይ የሄደም አልጠበቀም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን ስፍራ በወሎ አለ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐይቁ ዳር የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ስፍራው ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋራ ተያይዞአል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ወጥተው ወደዚህ መጡ፤ ደቀ መዛሙርትንም ሰብስበው አስተማሩ። ከተማሮቻቸውም አንዱ አባ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የዚህ ገዳም አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚባለውን ማዕርግ ይይዝ ነበር። ትርጓሜውም ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው፤ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት በቤተ መንግሥት እጅግ የከበረ ማዕርግ ነበረ።

በዚህ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የሚባል የብራና መጽሐፍ አለ። በ1273 ዓመተ ምሕረት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1280 ወይም በ1281፥ ለገዳሙ የተሰጠ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ጦርነት ገዳሙ ተይዞ ሀብቱ ሲወሰድ ይህ መጽሐፍ ተረፈ። ብራናን እሳት ያቃጥለዋል፥ ዝናብ ያበሰብሰዋል፥ አይጥ ይቈረጥመዋል። እንግዲህ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ እንዴት ኖረ? አንዱ ጠባቂ ሲሞት ሌላው ተቀብሎ ስለ ጠበቀው ነው። ከእነዚህ ጠባቂዎች የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን በእጃችን ይዳሰሳል። ማናቸውም ቢሆኑ መጽሐፉን የእኔ ነው አላሉም፤ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ያዙት እንጂ።

አሁን ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ አድርገህ ስማ። «እጁ ይጠብቃል» ብለን ብንጽፍ ሁለት ንባብ አለው። «ብ» ጠብቆ ሲነበብ እጁ ይከላከላል፥ ያድናል ማለት ነው። «ብ» ላልቶ ሲነበብ ግን እጁ ይጨብጣል፥ አይለቅም ማለት ይሆናል። ፊደሉ አንድ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የትንፋሽ ያህል ነው። የሰውም ልብ ከአንዱ ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው እንዲሁ በቀስታ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው ሊሞት ሲል ወንድሙን ጠርቶ «ልጄ እስኪያድግ መሬቱን ጠብቅለት» አለው እንበል። ወንድሙም በእውነት ይጠብቃል፤ ወሰኑን ከገፊ ይከላከላል፥ አጥሩን ያድሳል፥ ያርሳል። በመጀመሪያው ዓመት ከእህሉ ለልጁ ይሰፍርለታል። በአምስተኛው ዓመት «የደከምሁት እኔ ነኝ» ይላል። በአሥረኛው ዓመት ልጁ አድጎ ሲመጣ «ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁት እኔ ነኝ» ብሎ ይመልስለታል። ቃሉ ያው ነው፤ ፍቺው ግን ተለውጦአል። ሌባ በሌሊት አልገባም፥ ወሰንም አልተገፋም፤ ነገር ግን ድሃ አደጉ ርስቱን አጣ። ያጠፋውም ጠባቂው ራሱ ነው።

ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂነቱን እንደ ካደ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 4 ተጽፎአል። እርሱ አልጠብቅም ብሎ በደለ፤ ይህኛው ግን ጠበቅሁ እያለ በደለ። የኋለኛው በደል ለመታወቅ ይከብዳል፤ መልካም ስም ለብሶአልና።

ስለዚህ በእጅህ የሌላ ሰው ገንዘብ፥ መሬት፥ ልጅ ወይም ምሥጢር ካለ በእነዚህ ጥያቄዎች ራስህን መርምር። የምጠብቀው ለማን ነው? ባለቤቱ ዛሬ ቢመጣ ደስ ይለኛልን ወይስ እደነግጣለሁ? የእኔንና የእርሱን ለይቼ በምስክር ፊት ቈጥሬአለሁን? ብሞት ከእኔ በኋላ የሚረከበው ያውቃልን?

ባለቤቱ ሲመጣ ደስ የሚለው ጠባቂ ሁለቱን ፍቺ ፈጽሞአል፤ ንብረቱንም ጠብቆአል፥ ሰውየውንም ጠብቆአል። በባለቤቱ መምጣት የሚደነግጥ ግን እጁ ከጠበቀ ቈይቶአል። እንግዲህ ሳይመሽ እጅህን ፍታ፤ የሰውን ለሰው መልስ። በቃልና በሥራም ጠባቂ ተብለህ ትጠራለህ።